ከሶባ ወዲያ የሚወዛወዝ ቤት

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 8። ከቀኑ 10 ሰዓት

አል-ጣኢፍ፣ ካርቱም፣ አሠሪዬ ቤት። ካራቫኑን፣ ተጎታቹን ቤት፣ ከመኪናው ፈትቼ ግቢው ውስጥ አቆምኩት። ጎማው ሥር ድንጋይ። ማያያዣው ጋንጮ ግራሶ ተቀባ። የፊቱን የውሃ ታንከር አፈሰስኩ፣ የኋላው ድሮም ባዶ ነው። የሐሙሱ ድንጋጤ ግን ገና አልወጣልኝም፣ ደብተሬ።

ወደ ገጠር ስንሄድ ነው የሆነው። ከተማ ውስጥ ደህና። ሶባን አልፈን መንገዱ ሲከፈት፣ ፍጥነቱ ሰባ ላይ ሲደርስ፣ ጭራው ወደ ግራ ሄደ። ከዚያ ወደ ቀኝ። ከዚያ ላንድክሩዘሯን ይዟት ሊሄድ። ከፊት የጭነት መኪና እየመጣ ነው። ከኋላዬ የባ/መ መንትዮች፣ የአምስት ዓመት ልጆች፣ ይስቃሉ። ጨዋታ መስሏቸዋል። ፍሬን አልነካሁም። እንዲህ ሲሆን ፍሬን የረገጠ ሰው ታሪኩን የሚያወራለት ሌላ ነው። እግሬን ከነዳጅ አነሳሁ፣ መሪውን ቀጥ አድርጌ ያዝኩ፣ የተጎታቹን ፍሬን ብቻ በእጄ ቀስ እያልኩ ሳብኩ። የጭነት መኪናው ንፋሱን ጥሎብን አለፈ። ካራቫኑም ልብ ገዛ።

ባ/መ ቀስ ብለህ ንዳ አለኝ። ሰባ ላይ ነበርኩ።

(ባ/መ ማለት ባሽመሃንዲስ ነው። አሠሪዬ። መሐንዲስ ስለሆነ ሰው ሁሉ እንዲህ ይለዋል። ስም ሙሉ አልጽፍም። ባገሬ፣ ስም የተሞላ ደብተር ስንቱን እንዳስበላ አይቻለሁ፤ ያንን ያየ ሰው ካርቱም ሃያ ዓመት ቢቀመጥም አይለቀውም።)

የገጠር ቤታቸውን ጎርፍ ስላፈረሰው፣ እስኪሠራ ድረስ በየሐሙሱ ካራቫኑን እየጎተትን እንሄዳለን፣ እዚያው ያድራሉ፣ ቅዳሜ እንመለሳለን። ካራቫኑን ባ/መ ከገልፍ አገር ሲመለስ ያመጣው ነው።

አንድ ነገር አልገባኝም። ዛሬ ስንመለስ ቀጥ ብሎ መጣ። ሰማንያ ነዳሁት፣ ንቅንቅ የለም። ያው መንገድ፣ ያው ጎማ፣ ያው ነጂ። እዚህ የተጫነ ነገር እዚያ ቀርቷል ማለት ነው። ማን ጫነው?

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 10። ከሰዓት በኋላ

ሚዛን ይዤ ዋልኩ። የሰው ሚዛን፣ የሐጃ ናት (የባ/መ እናት፤ ስኳር ስላለባት በየጧቱ ትመዘናለች)። የካራቫኑ አፍንጫ ብቻውን ይሰብራታል። ስለዚህ ሳንቃ። አንዱ ጫፍ ጡብ ላይ፣ ሌላው ሚዛኗ ላይ፣ አፍንጫው ከጡቡ በኩል ሲሶው ላይ። ሚዛኗ የምታሳየውን በሦስት ማባዛት። ፊዚክስ ሳስተምር ተማሪዎቼ ይህን መቼ ነው የምንጠቀምበት ይሉኝ ነበር። ይኸው፣ በስደት።

ሕጉ እንዲህ ነው፣ ደብተሬ፣ አንቺም እወቂው። ከካራቫኑ አሥር ኪሎ ቢያንስ አንዱ ጋንጮው ላይ መደገፍ አለበት። ትንሽ ቢበልጥ ጥሩ። ካነሰ፣ ማለት ጭነቱ ወደ ኋላ ከሄደ፣ ጭራው መሪ ይሆናል። ጭነቷ ወደ ቂጧ የተሳበባት አህያ አይተሽ ከሆነ እሱ ነው። ውሃ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ጭነት ነው። አንድ ሊትር አንድ ኪሎ፣ ያውም የሚንቀሳቀስ ኪሎ። ታንከር ወይ ሙሉ ወይ ባዶ። ግማሽ የሚባል የለም። የኋላው ታንከር ሁለት መቶ ሊትር ይይዛል፣ ስለዚህ በጉዞ ላይ ሁልጊዜ ባዶ። ይህን ለቤቱ ሰው ሁሉ ተናግሬአለሁ።

ወይም ተናግሬአለሁ ብዬ አስባለሁ። እዚህ ቤት ማን ምን እንደሚሰማ አይታወቅም።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 12። 11 ሰዓት

የነገውን አዘጋጀሁ። የጎማ ንፋስ፣ ልክ። የመወዛወዣ መግቻው ብረት፣ ጠበቀ። የጋዝ ሲሊንደር ወደ ፊት። የምግብ ሳጥን ከጎማዎቹ በላይ፣ መሐል። የፊቱ ታንከር ሙሉ፣ ሰማንያ ሊትር። የኋላውን ቧንቧ ከፈትኩ፦ ጠብታ የለም። ውስጥ ያለችው የውሃ ልክ ጠቋሚ አምፖልም ባዶ ትላለች። ሚዛን፦ ስድሳ። በሦስት፣ መቶ ሰማንያ። ካራቫኑ ባጠቃላይ አንድ ሺህ አራት መቶ ሰማንያ። እንደ መጽሐፍ ነው።

ነገ ከተወዛወዘ ነገሩ ከብረት አይደለም፤ ከሰው ነው። ቆልፌ ወጣሁ። ወደ ቤቴ፣ ወደ አል-ሳሃፋ፣ ሃፍላ (አውቶቡስ) ውስጥ ቆሜ ሄድኩ፤ አጠገቤ ያለው ሰውዬ ኪሴን ሲያይ ነበር፤ ወይም መስኮቱን።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 13። 11 ሰዓት፣ ገጠሩ

ተወዛወዘ።

ከባለፈው ባሰ። ሶባን አልፈን ስድሳ አምስት ላይ። ሐጃ ላ ኢላሃ ኢለላህ ስትል ሰማሁ፤ መንትዮቹ ዛሬ አልሳቁም። አንደኛዋ አለቀሰች። አርባ ላይ አውርጄ ስጎተት፣ ባ/መ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ምክንያቱን አውቀዋለሁ። እሱ ወንድሙን በዚህ መንገድ ላይ ነው ያጣው፣ በመኪና አደጋ፣ እኔ ሳልቀጠር። የወንድሙ ስም ከተነሳ ከገበታ ይነሳል። አንድ ቀን ልጆቹ እዚሁ መንገድ ላይ ቢቀሩ፣ መሪው ላይ የሚገኘው እጅ የኔ ነው። ኢቃማዬ (የመኖሪያ ፈቃዴ) ላይ ያለው የዋስ ስም የሱ ነው። ስደተኛ ነጂ ማን ያምነዋል?

አሁን በቅደም ተከተል፣ እንዳልረሳ።

ጧት 12፡30 ግቢ ስደርስ መ. ከካራቫኑ ጀርባ ስትወጣ አየኋት። መ. የቤቱ ሠራተኛ ናት፣ የወሎ ልጅ፣ ሦስት ዓመቷ እዚህ። የቀሚሷ ጫፍ ርሷል። ምን ትሠሪያለሽ አልኳት። ዉዱዕ ሳደርግ፣ ለሶላት ስታጠብ ነው አለች። ፀሐይ ወጥታለች። እስከዚያ ሰዓት የንጋቱን ሶላት፣ ሱብሂን፣ ያልሰገደ የወሎ ሰው እስካሁን አላየሁም፣ ያውም መ.።

ሁለተኛ፣ ከማያያዜ በፊት ክሪኩን ሳዞር ቀለለኝ። ባ/መ ያላ ያላ እያለ ስለነበር አምፖሏን ብቻ አየሁ፣ ባዶ አለች፣ አልመዘንኩም። ጥፋቴ ነው።

ሦስተኛ። እንደ ሁልጊዜው መንገድ ዳር ያለችው ትንሿ መስጊድ ጋ ለሶላት ቆምን። ሐጃ እዚያ ካልሰገደች አይሆንላትም፤ ከመ. ጋር ወረደች። ባ/መ መኪናው ውስጥ ስልኩ ላይ ቀረ፣ እዚያ አይወርድም። እኔ መንገዱን ተሻግሬ ሲት ሻይዋ፣ ሻይ ሻጯ ጋ ተቀመጥኩ፤ ካራቫኑ መስጊዱን ይጋርደዋል፣ ከወዲያ ያለው አይታይም። ልንሄድ ስንል ከግድግዳው ጥግ ካሉት ዚሮች አንድ ጣሳ ቀዳሁ። አራት የሸክላ ዚር ናቸው፣ መንገደኛ እንዲጠጣ የሚቀመጡ፣ እስከ አፋቸው ሞልተዋል። ቀዝቃዛ። የሞላውን እግዜር ይስጠው አልኩ። ልቤ ደርቆ ነበር።

ከዚያ በኋላ እስከ ገጠሩ ሰማንያ። ቀጥ። ንቅንቅ የለም።

መስጊዱ ጋ የሆነ ነገር ይወርዳል።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 14። ረፋድ

ሁሉ ሰው ጁምዓ ሲሄድ ካራቫኑን በረበርኩት። አልጋ ሥር። ቁም ሣጥን። ወለሉን ሳይቀር አንኳኳሁ። ምንም። የኋላውን ቧንቧ ከፈትኩ፣ ሁለት ጠብታ ወጣ፣ አለቀ። አምፖሏ ባዶ ትላለች። ታንከሩ ደረቅ ነው።

ሳስበው ዋልኩ። ሲወዛወዝ ወደ ግራ ይሄዳል፣ ልመልሰው ስል ከኔ ዘግይቶ አንድ ነገር ይገፋዋል። ብረት እንዲህ አያደርግም። እህልም አያደርግም። ይህ ፈሳሽ ነው። ግማሽ የሆነ ፈሳሽ።

በዚህ አገር ሐበሻ ሴት ደብቃ የምትጭነው ፈሳሽ ምንድን ነው? አረቄ። በጀሪካን። መስጊድ ጀርባ ማን ይጠረጥራል። ተፍቲሽ (ፍተሻ) ላይ ቢገኝ ጅራፉም እስሩም የነጂው ነው። አንድ የማውቀው ነጂ በሰው ጀሪካን ሰባት ወር ታስሯል፣ ሲወጣ ጥርሱ ጎድሎ።

መ. ሙስሊም ናት፣ ትሰግዳለች፣ አውቃለሁ። የሚሰግድ ሰው አይሸጥም ያለው ግን ማነው?

እሁድ፣ ታኅሣሥ 16። ከምሳ በኋላ

ነገርኩት።

ሰውን ማመን ቀብሮ ነው ይላሉ፣ ቀብሮም ቢሆን አላምንም እኔ። ሐጃ የለችም፤ ልጇ ስለወለደች ኦምዱርማን ሄዳለች፣ ሁለት ሳምንት ትቆያለች። ባ/መን ብቻውን አገኘሁት። ያየሁትን ብቻ ነው የነገርኩት፣ ደብተሬ፦ ጧት፣ የረጠበ ቀሚስ፣ ውሸት፣ መስጊዱ። አረቄ የሚለውን ቃል እኔ አላወጣሁም። እሱ ነው ያወጣው። እኔ ዝም ነው ያልኩት።

ዝም ማለትም መናገር ነው፤ ይህን ለማወቅ አስተማሪ መሆን አያስፈልግም።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 17

ባ/መ ማዕድ ቤት ጠራት። እኔ በር ላይ፣ ለማስተርጎም ይሆናል ተብሎ። አላስፈለገም፣ አረብኛዋ ከኔ ይሻላል። ከካራቫኑ ጀርባ ምን ታደርጊ ነበር አላት። ወለሉን አየች። ምን ትጭኛለሽ። አረቄ ነው ወይ ሲላት ብቻ ቀና አለች፣ ፊቷ ነጣ፣ አስተግፊሩላህ አለች። ታዲያ ምንድን ነው? ምያለሁ አለች። ለማን? ምያለሁ ብቻ።

ባ/መ ሐጃን ደውሎ ማስጨነቅ አልፈለገም። ቅዳሜ ከገጠር ስንመለስ ትሄዳለች አለ። ይህ ሥራ ከሄደ መኖሪያዋም አብሮ ይሄዳል፤ ክፍሏ እዚሁ ጓሮ ነው። ኮምቦልቻ አካባቢ ሁለት ወንድሞች ታስተምራለች።

ምሳዬን ራሷ አቀረበችልኝ። እንደ ወትሮው ቁልል አድርጋ። መርዝ ይሆን ብዬ አየሁት። ከዚያ በላሁት። ጣፋጭ ነበር፣ ያ ነው ያናደደኝ።

የሚምል ሰው የሚደብቀው አለው። አይደለም እንዴ? የማይደብቅ ምን ብሎ ይምላል?

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 19። 11፡30

ሚዛን ስድሳ። የፊቱ ሙሉ። የኋላው ባዶ፣ በጄ ከፍቼ አየሁ፣ አምፖሏም መሰከረች።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ነገሩ ታወቀ፣ ልጅቷ ትሄዳለች፣ መንትዮቹ ይተርፋሉ። ደስ አላለኝም። አንድ የሚያሳክክ ነገር አለ። የረጠበ ቀሚስ። አረቄ የሚጭን ሰው ቀሚሱ ለምን ይርሳል? ጀሪካን ክዳን አለው።

ነገ በመጀመሪያው ሃፍላ እመጣለሁ። እሷም ሳታውቅ፣ ባ/መም ሳያውቅ። የበሩ ቁልፍ አለኝ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 20። ጧት 1 ሰዓት ከሩብ

ጋንጮው ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። ባ/መ ልጆቹን እያለባበሰ ነው፤ ድምፃቸው ይሰማኛል። ፈጥኜ ልጻፍ።

12 ሰዓት ሲሆን ደረስኩ። በሩን ቀስ ብዬ። ከካራቫኑ ጀርባ ውሃ ይሰማል። ዞርኩ። መ. ናት። የግቢውን የውሃ ጎማ የኋላው ታንከር አፍ ውስጥ ከታ፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ትቆጥራለች ወይ ትጸልያለች። ስታየኝ ጎማው ከእጇ አመለጠና እኔንም እሷንም አራሰን።

ውሃ ነው። ሌላ ምንም አይደለም፣ ደብተሬ። ውሃ።

ታንከሩ ባዶ ነው የምትለዋ አምፖል ተበላሽታለች። ሞልቶም ባዶ ነው የምትለው። ስንት ሳምንት። በጣቴ አንድ ጊዜ ባንኳኳ ኖሮ ድምፁ ይነግረኝ ነበር። ሰው የማላምን ሰውዬ አምፖል አምኜ።

ለምን አልኳት። ልጮህባት ስል ተቀመጠች፣ እርጥቡ መሬት ላይ።

«ጋሼ፣ አይተኸዋል እንግዲህ፤ እኔ አልነገርኩህም፣ አንተ ነህ ያየኸው።»

ከዚያ ነገረችኝ። መስጊዱ ጋ ያሉት አራት ዚሮች ሐጃ ለሟቹ ልጇ፣ ለባ/መ ወንድም፣ ያቆመችው ሰቢል፣ ማለት የውሃ ምጽዋት፣ ናቸው። እዚያ አካባቢ ነው የሞተው። በአህያ ጋሪ ውሃ የሚሞላላቸው ሰው አካባቢውን ለቆ ሄደ፣ ዚሮቹ ደረቁ። ሐጃ ለባ/መ አትነግረውም፤ የወንድሙን ስም መስማት አይችልም። ደግሞ ሰደቃ ቀኝ እጅ ሲሰጥ ግራ አይወቅ ነው የሚሉት። ስለዚህ መ.ን አስማለቻት፣ በቁርኣን። በየሐሙሱ ጧት እኔ ሳልመጣ ትሞላለች፣ ሐጃ ስትሰግድ እሷ ከኋላው ቧንቧ ወደ ዚሮቹ ትደፋለች። ኦምዱርማን ስትሄድም አደራ ብላታለች። ሲባረሩም አደራ አደራ ነው አለች። ቅዳሜ ልትሄድ፣ ዛሬ ልትሞላ።

እኔ ያን ውሃ ጠጥቼ፣ የሞላውን እግዜር ይስጠው ብዬ፣ ከሦስት ቀን በኋላ አሳጣኋት።

ግማሽ ለምን አደረግሽው አልኳት። ሌላ የምለው ጠፋኝ።

«ለመኪናው አዝኜ ነዋ። አንተ ሁልጊዜ ክብደት ክብደት ትላለህ። እንዳይከብዳት ብዬ ግማሹን ተውኩት።»

ሳቅ መጣብኝ። ለመኪናው አዝና እኛን ልትገል ነበር። ባልዲ አምጥቼ ግማሽ አድርጌ አስያዝኳት፣ ሂጂ አልኳት፣ ሄደች፣ ውሃው እግሯን መታት። ቀጥ ብላ ቆመች። አገሯ ከምንጭ በእንስራ ስትቀዳ ጎዶሎ እንስራ ጀርባ እንደሚመታ ታውቅ ነበር፤ መኪና ጀርባ ያለው አልመሰላትም። ማላሽ ጋሼ አለች። እኔን። እሷ እኔን ይቅርታ ጠየቀችኝ።

እንዳለ፣ ግማሽ እንደሆነ መዘንነው፣ ሁለታችን። አርባ። በሦስት፣ መቶ ሃያ። ይህ ነው ሶባ ላይ የሚያናውጠን። የኋላውን ከፍተን ግቢው ኒም ዛፍ ሥር ደፋነው፤ ስትደፋው ፊቷ ጨፈገገ፣ የሐጃ ውሃ ነዋ። እንደገና መዘንን። ስድሳ።

መላው ቀላል ነበር። የፊቱ ታንከር ሁልጊዜ ሙሉ ነው፣ እኔ ራሴ እሞላዋለሁ፣ ማንም አይጠይቅም፤ ገጠር ደግሞ ጉድጓድ አለ። ከዛሬ ጀምሮ ለዚሮቹ የፊቱ ነው። ቢደፋም አፍንጫው መቶ አርባ ይቀርለታል፤ ይበቃል። ሰማንያ ሊትር አራት ዚር አይሞላም፤ ሦስቱን ይሞላል፣ አራተኛውን በጀሪካን መሐል ላይ እጭናለሁ። ዚሮቹ ጋ የሚደርስ ረጅም የውሃ ጎማም ከአል-ሳሃፋ እገዛለሁ።

የሷ ነገር ግን ቀረ። እውነቱን ለባ/መ እነግረዋለሁ አልኳት። እጄን ያዘች።

«አይሆንም። አንተም አሁን ማልልኝ።»

መሐላ የማያምን ሰው ነኝ። የአባቴ አጥንት ይውጋኝ አልኩ። አለችኝ፦ አብሽር ጋሼ፣ ሥራ አይጠፋም። ሻንጣዋ በሩ ጥግ ተቀምጧል፣ ታስሮ።

እንግዲህ አስቤዋለሁ። ሐጃን ላለመንካት፣ መሐላውን ላለማፍረስ፣ አንድ መንገድ ብቻ ነው ያለው። የሚያስባርር ከሆነም ያስባርር፣ ሃያ ዓመት የጠረጠርኩት ሰው ሁሉ አንድ ቀን ሊያስከፍለኝ ነበር። ስሟንም ሙሉ እጽፈዋለሁ፣ ያገኘሽ ያንብብሽ፦ መሪማ። መሪማ ናት።

በሩ ተከፈተ። መንትዮቹ እየሮጡ ናቸው፣ እሱ ከኋላቸው። መሪማ ከማዕድ ቤቱ በር ታየኛለች። እንዲህ ነው የምለው፦ ባሽመሃንዲስ፣ ልጅቷ ምንም አልጫነችም። የኋላውን ታንከር ለሙከራ ግማሽ ሞልቼ ሳልደፋው የረሳሁት እኔ ነኝ፣ ጧት ጧት ከኋላ የሚንጠባጠበውን ስታደርቅ ነው ቀሚሷ የራሰው—